የቤት ልጅ አሠልጣኝ ስትሆን፦ ስለ ኬትሊን ሎውና ስለ አሪዞና ሶፍትቦል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው ሶፍትቦል የምትጫወት ወገኖች እየበዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ ሕጉ ግን ግማሽ በግማሽ ነው የሚገባቸው። ከልጆቹ አንደበት ደግሞ የኮሌጅ አሠልጣኞች ስም አይጠፋም። አንዱ የኬትሊን ሎው ነው። ስለ እሷና እንደ እሷ ተጫውተው ወዳደጉበት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆነው ስለተመለሱ ሴቶች በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬትሊን ሎው ማን ናት?

የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሶፍትቦል ቡድን ዋና አሠልጣኝ ናት። ተወልዳ ያደገችው ካሊፎርኒያ ነው። ከ2004 እስከ 2007 ቱሳን ከተማ ውስጥ ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች። ቦታዋ የውጭ ሜዳው መሀል ነበር፤ ርቆ የሚመታ ኳስ ሁሉ ወደዚያ ስለሚሄድ ሩጫ ለማይችል ሰው የሚሰጥ ቦታ አይደለም። በአራቱም ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። በ2006 እና በ2007 ቡድኗ የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮን ሲሆን አብራ ነበረች። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ተጫውታ ብር አገኘች።

ዋና አሠልጣኝ የሆነችው በሰኔ 2021 ነው።

ሶፍትቦል ከቤዝቦል በምን ይለያል?

የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሶፍትቦል የተጀመረው በ1887 ቺካጎ ውስጥ፣ በብርዱ ወቅት አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ቤዝቦል ሆኖ ነው። ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ በዋናነት የሴቶች ስፖርት ነው። ኳሱ ተለቅ ይላል፣ ሜዳው ያንሳል፣ ጨዋታው በዘጠኝ ፈንታ በሰባት ዙር ያልቃል።

ዋናው ልዩነት አወራወሩ ላይ ነው። ወርዋሪዋ፣ ፒቸር የምትባለው፣ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አሽከርክራ ኳሱን ከወገቧ በታች ትለቀዋለች። በእሷና በመቺዋ መካከል ያለው ርቀት 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጎበዝ የኮሌጅ ፒቸር በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትወረውራለች። ስሙ ለስላሳ ይላል እንጂ ኳሱ ለስላሳ አይደለም። አንዴ ጭኑን ያገኘው ሰው ያውቀዋል።

ሎው ስትጫወት በምን ነበር የምትታወቀው?

በ«ስላፕ»። ይህን ማብራራት ይገባል፤ ምክንያቱም ሴትየዋን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ስላፕ የምትመታ ተጫዋች ግራኝ መቺዎች በሚቆሙበት ወገን ትቆማለች። ያ ወገን ለመጀመሪያው ቤዝ፣ መቺዋ ኳሱ ሳይቀድማት ሮጣ መርገጥ ላለባት ምልክት ማለት ነው፣ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርባል። ፒቸሯ ክንዷን ማሽከርከር ስትጀምር መቺዋ ቆማ አትጠብቅም። የኋላ እግሯን በፊተኛው አሳልፋ መሮጥ ትጀምራለች። ኳሱን የምታገኘው እየሮጠች ነው። ርቆ እንዲሄድላት አትፈልግም፤ መሬት መሬቱን በግራ በኩል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወደቆመችው ተከላካይ ትሰደዋለች። ተከላካይዋ ጎንበስ ብላ ኳሱን አንስታ፣ ከጓንቷ አውጥታ፣ ሜዳውን አቋርጣ መወርወር አለባት። ቤዙ ያለው በ18 ሜትር ላይ ነው። ፈጣን ሯጭ ከ3 ሰከንድ በታች ትደርሳለች። ተከላካይዋ ኳሷ እጇ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተች አለቀ።

በዚያ ላይ ወጥመድ አለው። ኳሱን በምትነካበት ቅጽበት እግሯ ከተሰመረላት ሳጥን ወጥቶ መሬት ከረገጠ ራሷ «አውት» ትባላለች፣ ተራዋም ያልፋል። ስለዚህ ሩጫውና ምቱ በአንድ ትንፋሽ መገጣጠም አለባቸው። ሎው በዚህ መንገድ በአሪዞና ቆይታዋ በአማካይ ከ10 ሙከራ ከ4 በላይ ትመታ ነበር። በዚህ ጨዋታ ከ10 ሦስቱን የመታ ሰው ጥሩ ይባላል።

ጡንቻ ያላቸው ልጆች ኳሱን አጥር ያሻግሩታል። እሷ ግን በጊዜ ስሌትና በእግር ነው ስም ያወጣችው። እንዲህ ያለ ተጫዋች የምታደርገውን ነገር ቆራርጣ ማየት ትለምዳለች፤ ለአሠልጣኝነቷ የጠቀማት አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ታዋቂ ስለነበረች ብቻ ነው ሥራውን ያገኘችው?

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ታዋቂ ተጫዋች ነበረች፣ ተመለሰች፣ ወንበሩን ሰጧት። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም።

ሎው ኮሌጅ ከጨረሰች በኋላ በኦሊምፒክና በባለሙያዎች ሊግ ተጫውታለች። ወደ አሪዞና የአሠልጣኞች ቡድን የገባችው ወደ 2013 ገደማ ነው። አጀማመሯም ሜዳ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነበር፤ የጉዞና የፕሮግራም ዓይነት ሥራ ማለት ነው። አውቶቡስ ማስያዝ፣ ሆቴል ማዘጋጀት፣ ምግቡ በሰዓቱ መድረሱን መከታተል። ባለ ሁለት ዋንጫ፣ የኦሊምፒክ ባለ ሜዳልያ ሴት ናት ይህን የምትሠራው። ከዚያ ረዳት አሠልጣኝ ሆነች። በ2019 እና በ2021 ቡድኑ ወደ መጨረሻዎቹ ስምንት ሲገባ ረዳት ነበረች።

ስምንት ዓመት ያህል በቢሮና በረዳትነት አሳለፈች ማለት ነው። የቤት ልጅነቷ በሩን ከፍቶላት ይሆናል፤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጣት ግን ያ የስምንት ዓመት ልፋት ነው። እንዲህ ዓይነት ሹመት ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ምን ያህል ጎል አገባች፣ ምን ያህል መታች» ብለን አይደለም። «ከተጫዋችነት በኋላ ማን ዘንድ ቆማ፣ ምን ስትሠራ ነበር» ነው።

የተካችው ማንን ነው? ለምንስ ነው ከባድ የሆነው?

ማይክ ካንድሪያን። በዚህ ስፖርት ውስጥ ከእሱ ስም በላይ የሚነገር ስም ጥቂት ነው።

ካንድሪያ አሪዞናን ማሠልጠን የጀመረው በ1986 ነው። እስከ 2021 ቆየ። ቡድኑ በእሱ ዘመን ስምንት ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ፦ 1991፣ 1993፣ 1994፣ 1996፣ 1997፣ 2001፣ 2006 እና 2007። ሲወጣ 1,674 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ በኮሌጅ ሶፍትቦል ያኔ ከእሱ በላይ ያሸነፈ አልነበረም። የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በ2004 አቴንስ ላይ ወርቅ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ብር አምጥቷል። ቤጂንግ ላይ አሜሪካኖቹ በኦሊምፒክ 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው መጥተው በፍጻሜው በጃፓን 3 ለ 1 ተሸነፉ። ሎው እዚያ ቡድን ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ካንድሪያን በኮሌጅም፣ በኦሊምፒክም፣ በሥራ ባልደረባነትም ታውቀዋለች።

አሁን የምታሠለጥንበት ሜዳ ስሙ «ማይክ ካንድሪያ ሜዳ» ነው። ጠዋት ሥራ ስትገባ የቀድሞ አለቃዋ ስም በሩ ላይ ይጠብቃታል። በዚያ ላይ ተመልካቹ የሚያወዳድራት ከእሱ ጋር ብቻ አይደለም፤ በ2006 እና በ2007 እሷ ራሷ ካነሳችው ዋንጫም ጋር ነው። ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ ይህ ሁለተኛው ሸክም የለበትም።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ካንድሪያ ራሱ የአሪዞና ተማሪ አልነበረም። የተመረቀው የቱሳን ሰዎች ባላንጣ ከሚሉት ከአሪዞና ስቴት ነው። የቤቱን ታሪክ የጻፈው የጎረቤት ልጅ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዓመቷ እንዴት ነበር?

የ2022 ውድድር ዘመን እንግዳ ነበር። በሊጋቸው ውስጥ ካደረጓቸው 24 ጨዋታዎች 16ቱን ተሸነፉ። ደረጃቸው ግርጌው አካባቢ ሆነ። ቱሳን ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። «ካንድሪያ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በእንዲህ ያለ ጊዜ ከየትም ይመጣል።

ከዚያ ብሔራዊው ውድድር መጣ። ይህ ውድድር እንዴት እንደሚሄድ ባጭሩ ልንገራችሁ። 64 ቡድኖች ይመረጣሉ። አራት አራት ሆነው በ16 ከተማ ይጋጠማሉ። ከየከተማው አንድ ቡድን ያልፋል። ያለፉት 16 ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ይቀጥላል በሚል ይለያያሉ። የቀሩት ስምንቱ ኦክላሆማ ሲቲ ይገባሉ። እዚያ ለመግባት ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ ያልማሉ።

አሪዞና በራሷ ሜዳ የመጫወት መብት አላገኘችም። መጀመሪያ ሚዙሪ ሄደው አሸነፉ። ቀጥለው ሚሲሲፒ ሄደው አሸነፉ። በሊጋቸው ግርጌ አካባቢ የጨረሱ ልጆች በሰው አገር፣ በሰው ጩኸት መሀል አልፈው ኦክላሆማ ሲቲ ገቡ። እዚያም በኦክላሆማ ስቴት ተሸነፉ፣ ኦሬጎን ስቴትን አሸነፉ፣ በቴክሳስ ተሸንፈው ወጡ።

በዚያ ውድድር ላይ ሰው ብዙም ልብ ያላለው ነገር ነበር። የኦሬጎን ስቴት አሠልጣኝ ላውራ በርግ ናት። በርግና ሎው ቤጂንግ ላይ በአንድ ማልያ የተጫወቱ የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ናቸው። በ14 ዓመቱ ደግሞ አንዷ ሌላዋን ከውድድር አስወጣች። የሎው ረዳት የነበረችው ሎረን ላፒንም ከዚያው የቤጂንግ ቡድን ናት። የዚህ ስፖርት ዓለም እንዲህ ጠባብ ነው።

ሌላዋ ረዳቷ ታሪን ሞዋት ነበረች። በ2007 ሎውና ሞዋት አብረው ዋንጫ አንስተዋል። ያኔ ሞዋት በኦክላሆማ ሲቲ ቡድኑ ያደረገውን ጨዋታ ሁሉ፣ ስምንቱንም፣ ራሷ ወረወረች። ከ1,000 ኳስ በላይ ማለት ነው። በፍጻሜው ከቴነሲ ጋር ገጥመው የመጀመሪያውን ተሸነፉ፣ ሁለተኛውን በአሥር ዙር 1 ለ 0 አሸነፉ፣ ሦስተኛውን 5 ለ 0 ጨረሱት። እንዲህ ያለች ሴት ለወጣት ፒቸር «ክንድሽ ደክሟል አይደል» ስትል ልጅቱ ትሰማታለች።

ከዚያ በኋላስ?

በ2023 ነገሩ ተገለበጠ። አሪዞና ለብሔራዊው ውድድር ሳትመረጥ ቀረች። ይህ ከ1986 ወዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር። በኮቪድ ምክንያት ውድድሩ ራሱ ካልተካሄደበት ከ2020 በስተቀር በየዓመቱ ይገቡ ነበር፤ 35 ጊዜ በተከታታይ። ክሩ የተበጠሰው በቤት ልጅ እጅ ነው። የሚያመው ይኸው ነው።

ዩኒቨርሲቲው አላባረራትም። በእኔ አስተያየት ልክ ሠርቷል። በአንድ ዓመት ውጤት አሠልጣኝ የሚያባርር ቡድን የራሱን ረዳቶች ማሳደግ አይችልም፤ ነገ ማን ስምንት ዓመት ይጠብቃል?

በ2024 ተመለሱ። አርካንሳስ ድረስ ሄደው የመጀመሪያውን ዙር አለፉና በሁለተኛው በኦክላሆማ ስቴት ተረቱ። በ2025 አዲስ ሊግ ውስጥ ገብተው፣ የመጀመሪያውን ዙር በራሳቸው ሜዳ የማስተናገድ መብት አገኙ። ቱሳን ላይ ግን ኦል ሚስ የሚባለው የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ አሸነፋቸው። ዋንጫ ገና የለም። ከ2007 ወዲህ ካንድሪያም ራሱ አላገኘም ነበር፤ ሲወቅሷት ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

እንደ እሷ የተመለሱ ሌሎች አሉ?

ሞልተዋል። ሁሉንም መዘርዘር አይቻልም፤ አራቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያዋ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገኘው የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ኬሊ ኢኖዌ ፔሬዝ ናት። ካቸር ነበረች፤ ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ኳስ የምትቀበለው ማለት ነው። በተጫዋችነት በ1989፣ በ1990 እና በ1992 ዋንጫ አነሳች። ከዚያ ረዳት ሆነች፣ ለአሥር ዓመት ከምናምን። ከ2007 ጀምሮ ዋና አሠልጣኝ ናት። በ2010 እና በ2019 ዋንጫ አምጥታለች። የ2010ሩን ያሸነፈችው፣ እንዳጋጣሚ፣ አሪዞናን ነው። የተካቻት ሱ ኤንክዊስትም የዩሲኤልኤ ተጫዋች ነበረች። እዚያ ቤት ነገሩ ልማድ ሆኗል፤ ተጫዋች ረዳት ይሆናል፣ ረዳት አለቃ ይሆናል።

ሁለተኛዋ ሄዘር ታር ናት። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ስሟን ሳትሰሙ አትቀሩም። ከ1994 እስከ 1997 ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተች። በ1996 ፍጻሜ ላይ የእሷን ቡድን ያሸነፈው የካንድሪያ አሪዞና ነበር። ከዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ረዳት ሆና ሠራች። በ2005 ውድድር ዘመን ወደ ሲያትል አሠልጣኝ ሆና ተመለሰች፣ በ2009 ተጫዋች ሆና ያመለጣትን ዋንጫ ወሰደች። የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድንም አሠልጥናለች። የእሷ መንገድ ከሎው የሚለየው ወጣ ብላ ሌላ ቤት ማየቷ ነው።

ሦስተኛዋ የሚሺጋኗ ቦኒ ቶል ናት። እሷ ደግሞ የትዕግሥት ጥግ ናት። ተጫዋችነቷን በ1991 ጨርሳ፣ ትንሽ ቆይታ በረዳትነት ተመለሰች። አለቃዋ ካሮል ሃቺንስ ጡረታ እስክትወጣ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ጠበቀች። ሃቺንስ የካንድሪያን የድል ብዛት በ2022 የበለጠችው ሴት ናት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ወጣች። ቶልም ያኔ ተሾመች።

አራተኛዋ የስታንፎርዷ ጄሲካ አሊስተር። እሷም ካቸር ነበረች። መጀመሪያ ሚኔሶታን አሠለጠነች። በ2017 ያ ቡድን 54 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ፣ የውድድሩ መራጮች ከ64ቱ ውስጥ ቀዳሚ ደረጃ ከሚሰጣቸው 16 ቡድኖች ሳያስገቡት ቀሩ። አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። በዚያው ዓመት ወደ ተማረችበት ስታንፎርድ ሄደች። በ2023 እና በ2024 ቡድኗን ኦክላሆማ ሲቲ አድርሳለች።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ካቸሮች ናቸው። ካቸር ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት የምታየው ብቸኛዋ ተጫዋች ናት። ከሷ አሠልጣኝ ቢወጣ አያስገርምም።

ታዲያ የቤት ልጅ መሆን በእርግጥ ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ ግን ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም።

ሜዳ ላይ ብዙም ለውጥ የለውም። ባለፉት ዓመታት ከሁሉም በላይ ያሸነፈችው የኦክላሆማዋ ፓቲ ጋሶ ናት፤ ከ2021 እስከ 2024 አራት ዋንጫ በተከታታይ። ጋሶ የኦክላሆማ ተማሪ አልነበረችም፣ ከካሊፎርኒያ የመጣች ናት። ካንድሪያንም አይተናል። አሸናፊ ለመሆን የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር በቃል ማወቅ ግዴታ አይደለም።

የሚጠቅመው ሳሎን ውስጥ ነው። አሠልጣኝ የ16 ዓመት ልጅ ቤት ሄዳ ከእናትና አባት ጋር ተቀምጣ ልጃቸውን ስትጠይቅ፣ «እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ ኖሬያለሁ፣ እዚያው ፈተና ተፈትኛለሁ» ማለት ትችላለች። በደብዳቤ የማይጻፍ ነገር ታውቃለች፦ ቱሳን በግንቦት ምን ያህል እንደምትሞቅ፣ ከሜዳው እስከ መማሪያ ክፍሉ በብስክሌት ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ የትኛው ትምህርት ከልምምድ ሰዓት ጋር እንደሚጋጭ። ገንዘብ ከሚሰጡ የቀድሞ ተማሪዎች ጋርም መግባባት ይቀላታል።

የሚጎዳው ደግሞ ሲሸነፉ ነው። የውጭ ሰው ቢሸነፍ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የቤት ልጅ ስትሸነፍ የተጫዋችነት ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ሆኖ ያያታል።

ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ጎበዝ አሠልጣኝ ይሆናል?

አይሆንም።

ለምንድነው ይህ ጉዳይ በሴቶች ስፖርት ትልቅ ወሬ የሚሆነው?

ወደ 1972 መመለስ አለብን። በዚያ ዓመት «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ወጣ። የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት በጾታ ማዳላት አይችልም አለ። ሕጉ ስለ ስፖርት ብሎ የተጻፈ አልነበረም፤ የስፖርቱን መልክ ግን ቀየረው። ለሴቶች ቡድን ተቋቋመ፣ ስኮላርሺፕ ተሰጠ። ኮሌጆቹን የሚመራው ኤንሲኤኤ በሶፍትቦል የመጀመሪያውን ብሔራዊ ውድድር ያካሄደው በ1982 ነው።

ግን ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ከሕጉ በፊት የሴቶች ቡድኖችን ከ100 ከ90 በላይ የሚያሠለጥኑት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙውን ጊዜ በትንሽ ደመወዝ ወይም ያለ ደመወዝ። ደመወዙ ሲያድግ ወንዶች መጡ። ዛሬ በኮሌጅ ከሚገኙት የሴቶች ቡድኖች በሴት የሚመሩት ከግማሽ በታች ናቸው። ሶፍትቦል ከብዙዎቹ ይሻላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት እንደ ዩሲኤልኤና ሚሺጋን ያሉ ቤቶች የራሳቸውን ተጫዋች ከሥር አሳድገው ማውጣታቸው ነው። የሎው ሹመት ከአንድ ሰው ዕድል በላይ የሚታየው በዚህ ነው፤ ለ36 ዓመት በወንድ ሥር የቆየ ወንበር ላይ እዚያው ያደገች ሴት ተቀመጠች።

አሁን ተጫዋቾች እንደልብ ይዘዋወራሉ። «ያደግሁበት ቤት» የሚለው ነገር አላበቃም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ2018 ጀምሮ «ትራንስፈር ፖርታል» የሚባል የመዘዋወሪያ መዝገብ አለ። ልጅቱ ስሟን ታስገባለች፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ያናግሯታል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በስሟና በመልኳ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላታል።

የአሊስተርን ስታንፎርድ እዩ። ናይጃሪ ካናዲ የምትባል ፒቸር ነበረቻት፣ በአገሪቱ አንደኛ ከሚባሉት አንዷ። ቡድኑን ሁለት ዓመት ኦክላሆማ ሲቲ ያደረሰችው በአብዛኛው እሷ ናት። በ2024 ክረምት ወደ ቴክሳስ ቴክ ሄደች። የተከፈላት ለአንድ ዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በቀጣዩ ዓመት አዲሱን ቡድኗን ለፍጻሜ አደረሰች፤ እዚያ በቴክሳስ ተሸነፉ። ልጅቱን መውቀስ አይገባም። ሎው በተጫወተችበት ዘመን ያ ገንዘብ ቢኖር ስንቶቹ አራቱን ዓመት አንድ ቦታ ይጨርሱ ነበር?

ስለዚህ አንድ ቦታ አራት ዓመት የሚቆዩ ልጆች እየቀነሱ ሊሄዱ ይችላሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ «የተማረችበት» ሲባል ከሦስቱ የትኛው ብለን እንጠይቅ ይሆናል። ሎውና ቶል የመጡበት መንገድ ግን ለአሁኑ አለ፤ ዋናው ክፍሉ ደግሞ ከምርቃት በኋላ ያለው ነው።

ልጄ ኮሌጅ ገብታ መጫወት ትፈልጋለች። አሠልጣኟ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ብትሆን ይሻላል?

በዚያ ብቻ አትወስኑ። ስትጎበኙ አሠልጣኟን እነዚህን ጠይቋት፦ ረዳቶቿ ስንት ዓመት ቆዩ? ባለፈው ዓመት ስንት ልጆች ለቀው ሄዱ? የልጄ የትምህርት መስክ ከልምምድ ጋር ቢጋጭ ማን ያሸንፋል? መልሱ ከተጠማዘዘ ያው መልስ ነው። ልጅቱን ደግሞ አሠልጣኟ ሳትኖር ከተጫዋቾቹ ጋር ብቻዋን ምሳ እንድትበላ አድርጉ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር። ቀድሞ በከፍተኛው ደረጃ አንድ የሶፍትቦል ቡድን 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው፤ ለሃያ ልጅ ይከፋፈል ነበር። ብዙ ወላጅ «ስኮላርሺፕ» ሲባል ሙሉ ይመስለዋል፣ ሩቡ ሆኖ ሲመጣ ይደነግጣል። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት በገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ያ ገደብ ተነሥቶ የተጫዋች ቁጥር 25 እንዲሆን ተወስኗል። ይህ ማለት ሁሉም ሙሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። የሚሰጣችሁ ምን ያህል እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሚቆይ በጽሑፍ ጠይቁ። አበሻ ወላጅ ይህን መጠየቅ ያፍራል። አትፈሩ፤ እነሱ ለምደውታል።

ጨዋታውን መቼና የት ማየት ይቻላል?

የኮሌጅ ውድድር ከየካቲት ይጀምርና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ያልቃል። የመጨረሻው ሳምንት ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ዴቨን ፓርክ በሚባለው ስታዲየም ነው፤ 13,000 ያህል ሰው ይይዛል። ኢኤስፒኤን ያስተላልፈዋል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሶፍትቦል ይመለሳል፣ የሚደረገውም ሎስ አንጀለስ ሳይሆን እዚሁ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ቱሳን ወይም ፊኒክስ ያላችሁ ደግሞ እስከዚያ መጠበቅ የለባችሁም። መጋቢት ውስጥ የምሽት ጨዋታ ሂዱ፣ ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ ተቀመጡ፣ ሹራብ ያዙ። በረሃው ሲመሽ ይበርዳል።